ካቪያር ደሴ ላይ፣ በአያቴ የቀንድ ማንኪያ

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ 30 ግራም ካቪያር በትንሽዬ ቆርቆሮ ይዛልን መጣች። ስንቱ ሰው ምንድነው እሱ እንዴት ነው የሚበላው እያለ ስለጠየቀኝ የሞከርነውን ልንገራችሁ።

ካቪያር ስተርጅን የሚባል ዓሣ ዕንቁላል ነው በጨው የተሰናዳ። ድሮ ስመ ጥሩው ከካስፒያን ባሕር ነበር የሚመጣው፣ አሁን አብዛኛው የእርባታ ነው፣ የኛም እንደዛው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ኮድ ውስጥ ሲ (C) የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል አለች እርባታ ማለት ናት። ኮድ የሌለውን ባትገዙ ይሻላል፣ ሌላ ዓሣ ዕንቁላል ጥቁር ቀለም ገብቶበት በርካሽ የሚሸጥም አለና።

መጀመሪያ ለእንግዳ የምናወጣውን የብር ማንኪያ አነሳሁ። ቀመስኩት፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም የላስኩ ነው የመሰለኝ! በቃ ይሄው ነው እንዴ ብዬ ከፋኝ፣ ብሩ ነው ለካ ጣዕሙን የሚያበላሸው። እማዬ ሄዳ ከአያቴ የቀረውን የቀንድ ማንኪያ አመጣች፣ ካቪያር የለመዱ ሰዎችም በቀንድ ወይም በዛጎል ማንኪያ ነው የሚበሉት። በሱ ስቀምሰው ሌላ ነገር ሆነ ወላሂ፣ ፍሬዋን በምላስ ወደ ላንቃ ጫን ስታደርጓት ጧ ትላለች ከዛ ለጋ ቅቤ የመሰለ ነገር አፍ ይሞላል፣ ጨውነቱ ከኋላ ነው የሚመጣው።

አቀራረቡ ቀላል ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ ይቀመጣል፣ ፍሪዘር ግን በፍጹም፣ ፍሬው ይፈርጣል። ሊበላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቀረው አውጡት፣ በረዶ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጡትና እዛው ገበታ ላይ ክፈቱት። እኛ ድንች ያለ ጨው ቀቅለን ለብ እስኪል ጠበቅን (ትኩስ ላይ ከጫናችሁት ይበስላል ሞተ ማለት ነው)፣ ለሁለት ከፍለን ጨው የሌለው አይብ ትንሽ ቀባን፣ ከላይ ካቪያሩን። አክስቴ አዋዜ ካልነካው አለች፣ ኧረ አክስቴ ተይ ብለን ለመንናት። ጎረቤታችንም የዓሣ ነው ሐላል ነው ብላ አብራን ቀመሰች፣ እሷ እንደውም ያለ አይብ ነው የወደደችው።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። የሸጠላት ሱቅ የሰጣት የበረዶ ከረጢት ትንሽ ስለነበር ከአዲስ አበባ ደሴ እስኪደርስ ቀልጧል፣ ዳር ዳሩ ያለው ፍሬ ተጨፍልቆ ውሃ አውጥቷል። ደግሞ 30 ግራም ለአራት ሰው እንኳ ቢካፈል ለያንዳንዱ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ለሁለት ሰው ብትሉት ይሻላል፣ ከተከፈተ ደግሞ በሁለት በሦስት ቀን መበላት አለበት። ከ10 8 ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት ለመንገዱ ነው።

እማዬ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲፀዳ ስለሚጣለው ዕንቁላል ነው ወሬዋ። ቅዳሜ ሄደን እናመጣለን፣ እሱን ግን በደንብ ጠብሰን ነው።