ባሕር ዳር ወገባችሁን ለመታከም ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ፣ ዴንቨር በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሳነሣ ሳስተኛ የኖርኩ ነኝ፤ ወገብ ሕመም ብርቄ አይደለም። ለሰርግ በገባሁ ማግስት ግን ብሶብኝ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። አክስቴ ወጌሻ ካልጠራሁ ብላ ነበር፤ እኔ ስሙ የገነነ የግል ክሊኒክ መረጥኩ።

ካርድ ክፍል ፓስፖርቴን ሲያዩ ዋጋው ለእህቴ ልጅ ከነገሯት ሦስት እጥፍ ሆነ። «የውጭ ዜጋ ታሪፍ ነው» አሉኝ። የት ተጽፏል? ግድግዳው ላይ የዶክተሮች ፎቶ እንጂ ዋጋ የለም። ከዚያ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብረት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፣ ያውም የወገብ ሕመምተኛ! ሐኪሙ በስልክ እያወራ «የት ጋ ነው?» ብሎ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ጻፈ። እግሬን ቀና አድርጎ እንኳ አላየም። ሽንት መቆጣጠር አቅቶሽ ያውቃል? ብልትሽ አካባቢ ደንዝዟል? ትኩሳት አለሽ? ከስተሻል? አንዱንም አልጠየቀም። የዴንቨሯ ሐኪሜ እነዚህን የአደገኛ ሕመም ምልክቶች ሳትጠይቅ አታልፍም፤ ከሌሉ ደግሞ ኤምአርአይ ለማዘዝ አትቸኩልም። ምንም የማያመው ሰውም እኮ ዕድሜው ሲገፋ ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ብዙ ጊዜ አብጦ ይታያል።

ውጤቱን አይቶ «ዲስክዎ ተንሸራቷል» አለና ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ አዘዘ። የደም ግፊት መድኃኒት እንደምወስድ ነግሬዋለሁ፤ ዲክሎፌናክ ግፊት እንደሚያባብስ የጠፋው አይመስለኝም። በዚያ ላይ የወገብ ቀበቶ ሸጡልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶ አይመከርም፤ ማሳጅ ግን ከሚመከሩት ውስጥ አለ፤ አክስቴ እንዳትሰማ! ደረሰኝ ስጠይቅ በእስክሪብቶ የተጫረ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። ኃላፊው «ልዩነቱን እንመልሳለን፣ ነገ ይምጡ» አለ።

ነፍሴን የመለሰችልኝ ዓባይ ማዶ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት። መጀመሪያ ከወንበር አስነሣችኝ፣ አስጎነበሰችኝ፣ በተረከዜና በጣቶቼ አስኬደችኝ፣ በመጨረሻ አስተኝታ እግሬን አንድ በአንድ አነሣች። ሕመም ከሦስት ወር ሲያልፍ ነርቮቹ ራሳቸው ቁጡ ሊሆኑ ይችላሉ አለችኝ። «እትዬ፣ ባመመዎት ቁጥር ወገብዎ እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም፤ አይዞዎት፣ ይንቀሳቀሱ።» ተንጋልሎ ጉልበት ማጠፍ፣ መቀመጫን ከፍራሹ ማንሣት፣ ማታ ማታ በጣና ዳር መራመድ፣ በየቀኑ ጥቂት መጨመር። ትምህርቷ ይህ ነው። መድኃኒት አልሸጠችልኝም፤ የወሰደችውም የአገሬውን ዋጋ ነው። ዴንቨር ለእንዲህ ያለ ቀጠሮ ወር ይጠበቃል፣ እዚህ በማግስቱ ገባሁ። ሰርጉ ላይ ትንሽ እስክስታ ሞክሬአለሁ፤ አንገት ላይ ብቻ ነው እንጂ ወገብ አላስገባሁም።

ከሰዓት በኋላ ይበዛባታል፣ ጠዋት ሂዱ። ክሊኒኩ ገንዘቤን እስካሁን አልመለሰም፤ የእህቴ ልጅ እየተመላለሰች ነው።