ጠንከር ያለ ቀይ ወይን፦ አሁን ይከፈት ወይስ ይቆይ?

ካቤርኔ ሶቪኞን ወይም ባሮሎ የሚባል ጠንከር ያለ ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ እጅዎ ገብቷል። ይክፈቱት ወይስ ያስቀምጡት?

ጣዕም፦ አዲሱ ጥቁር እንጆሪ እንጆሪ ይላል፤ ታኒኑ (ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣው ንጥረ ነገር) ግን ድድና ምላስ ያደርቃል። የቆየው ለስለስ ይላል። ታኒኑ ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና ከፊሉ አተላ ሆኖ ጠርሙሱ ሥር ይቀመጣል። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገው ይዩት፤ ሐምራዊ የነበረው ጠርዝ ወደ ሸክላ ቀለም ሄዷል። ሽታውም ወደ ቆዳ፣ ትምባሆና የደረቀ ፍሬ ይዞራል። እኔ የምወደው ይህንን ነው፤ ሁሉም ሰው ግን አይወደውም።

ልፋት፦ አዲሱ ሰፊ ጆግ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቢናፈስ ይበቃዋል። የሚቆየው ጨለማና 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ቡሹ እንዳይደርቅም ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው።

ስጋት፦ አዲሱ ላይ እምብዛም። ማቆየት ግን ቁማር ነው፤ አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ስለሆነ ቢያስቀምጡት ይደክማል እንጂ አይሻሻልም።

ቀዝቃዛ ቦታ ከሌለዎት ወይም ወይኑ ርካሽ ከሆነ ቶሎ ይጠጡት። ታኒኑም፣ ኮምጣጣነቱም፣ ፍሬውም ጠንካራ ከሆነና ትዕግሥቱ ካለዎት ያቆዩት። አቅም ካለ ደግሞ ሦስት ጠርሙስ ገዝቶ በየጥቂት ዓመቱ አንዳንድ እየከፈቱ ማየት ነው።