ጊቲ ባሕር ዳር ቢሮ ውስጥ፣ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ፋይሉ ተሰርዞ ዲስኩ ለምን አይቀንስም?

ዕቃው 4 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ነው፤ የተጫነበት ኡቡንቱ 22.04 እና ጊቲ (የጊት ኮድ ማኅደሮችን በራስ ሰርቨር ላይ የሚያስተናግድ ሶፍትዌር)። የሚያገለግለው አነስተኛ የካርታና የሶፍትዌር ቡድን ነው። ኮዱ ቦታ አይፈጅም፤ ዲስኩን የሚበላው በጣና ዳርቻ እምቦጭን ለመከታተል የሚነሳው የድሮን ምስል ነው።

በፍጥነቱ ቅሬታ የለንም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ቢሮ ውስጥ ፑሽና ፑል (ለውጥ ወደ ሰርቨሩ መላክና ከእሱ መውሰድ) አይቆምም፤ ለእኛ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ጉዱ ያለው ዲስኩ ላይ ነው።

ምስሉን ሰርዞ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን በጊት መመዝገብ) አንድ ባይት አያስለቅቅም፤ ታሪኩ ውስጥ አለ። ታሪኩን በ«ጊት ፊልተር-ሪፖ» አጽድቶ ፎርስ ፑሽ ማድረግም (በሰርቨሩ ያለውን ታሪክ በግድ መተካትም) ብቻውን አይበቃም። ፑል ሪኩዌስት (ለውጥ እንዲዋሃድ የሚቀርብ ጥያቄ) ከነበረ ጊቲ «ሬፍስ/ፑል/12/ሄድ» የመሰለ ሬፍ (ወደ ኮሚት የሚጠቁም ስም) ይይዛል፤ ብራንቹ (የሥራ ቅርንጫፉ) ቢጠፋም አሮጌው ምስል በዚያ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሬፍሎጉም (ሬፎች ከየት ወዴት እንደተዛወሩ የሚመዘግበው) ከብራንቹ የአሁን ጫፍ የማይደረስበትን ኮሚት 30 ቀን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጊት ባለቤት ያጣውን ኦብጀክት (ምንም ሬፍ የማይደርስበትን የውሂብ ቁራጭ) ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አያጠፋም።

ጂሲው (የጊት ቆሻሻ ማጽጃ) በራሱ ይነሳል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ከፑሽ በኋላ የሚነሳው ጂሲ የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን ብዛት ነው፦ ወደ 6700 ልቅ (በየራሱ ፋይል የተቀመጠ) ኦብጀክት ወይም ከ50 በላይ ፓክ (ብዙ ኦብጀክት የታሸገበት ፋይል)። 80 ሜጋ የሚመዝኑ ሃያ ምስሎች እዚያ አይደርሱም። የጊቲ የራሱ የጂሲ ክሮን (በተያዘለት ጊዜ የሚነሳ ሥራ) ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ቢበራም የተሰጠው ጊዜ 60 ሰከንድ ነው፤ በዚህ ማሽን ላይ ለምስል ሪፖ (የጊት ማኅደር) አይበቃም። መሃል ላይ ሲገደል በ«ቲኤምፒ_ፓክ» የሚጀምር ግማሽ ፋይል ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ መብራት ሲጠፋም እንደዚያው። ስለዚህ 60ውን ወደ 3600 ከፍ ያድርጉ።

መርሐ ግብሩም ለእኛ አገር አልተሠራም። «በየ72 ሰዓቱ» የሚለው የሚቆጥረው ሰርቪሱ ከተነሳበት ነው፤ መብራት በየሁለት ቀኑ ከጠፋ ተራው አይደርስም። የተቆረጠ ሰዓት ይስጡት፦ እሑድ ሌሊት 9 ሰዓት፣ በክሮን አጻጻፍ 3። የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ የሆነው የዓለም ሰዓት) ላይ ከተተወ ግን 3 ማለት ጠዋት 12 ሰዓት ነው።

በእጅ ለማጽዳት መጀመሪያ ባክአፕ ይያዙ፣ ከዚያ ጊቲን ያቁሙ። ፑሽ እየተደረገ «ፕሩን=ናው» (ሁለት ሳምንቱን ሳይጠብቁ አሁኑኑ አጥፋ) ማዘዝ ሪፖ ሊያበላሽ ይችላል። ትእዛዙን በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ሳይሆን በጊት ተጠቃሚ ስም ያስኪዱ፤ አለበለዚያ ፋይሎቹ የሩት ሆነው ቀጣዩ ፑሽ ይከለከላል። «ጊት ካውንት-ኦብጀክትስ -ቪ» ብለው «ሳይዝ-ፓክ» እና «ሳይዝ-ጋርቤጅ» የሚሉትን መስመሮች ይመዝግቡ፤ ቁጥሩ በኪሎባይት ነው። የማያስፈልጉ የፑል ሬፎችን በ«ጊት አፕዴት-ሬፍ -ዲ» ያንሱ፣ ሬፍሎጉን በ«ጊት ሬፍሎግ ኤክስፓየር --ኤክስፓየር-አንሪቸብል=ናው --ኦል» ከማይደረስባቸው ኮሚቶች ያጽዱ፣ መጨረሻ ላይ «ጊት ጂሲ --ፕሩን=ናው»። አዲሱ ፓክ ተጽፎ ሳያልቅ አሮጌው ስለማይጠፋ የሪፖውን ያህል ነፃ ቦታ ያስፈልጋል፤ ዲስኩ 95 በመቶ እስኪሞላ የጠበቀ ሰው መውጫ የለውም። በ4 ጊጋ ራም «ፓክ.ትሬድስ» (ጎን ለጎን የሚሄድ የማሸግ ሥራ ብዛት) 1፣ «ፓክ.ዊንዶውሜሞሪ» (የማሸጉ የራም ገደብ) 256 ሜጋ ይሁን።

«ፕሩን=ናው» ሳይባል ተራ ጂሲ ከተነሳ ሪፖው ጭራሽ ሊያብጥ ይችላል። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ጊት 2.34 ባለቤት ያጣውን ኦብጀክት ከፓክ አውጥቶ ልቅ አድርጎ ይበትነዋል። ከ2.41 ጀምሮ በአንድ ለብቻው ፓክ ይሰበስበዋል፤ ጊትን ብቻ ማደስ ይህን ይፈታል።

ገጹ ላይ የሚታየው መጠን ከዳታቤዝ የሚነበብ ስለሆነ በእጅ ካጸዱ በኋላ እስከሚቀጥለው ፑሽ አይቀየርም፤ የሚታመነው የ«ዲዩ» (በዲስክ ላይ የተያዘ ቦታን የሚለካ ትእዛዝ) ውጤት ነው።

ምስሎቹን ከመጀመሪያው ወደ ኤልኤፍኤስ (ትልልቅ ፋይሎችን ከጊት ታሪክ ውጭ የሚያስቀምጥ ተጨማሪ) ማስገባት ይሻላል። እሱ ግን ለብቻው ማኅደር ስላለው ጊት ጂሲ አይነካውም፤ «ጂሲ_ኤልኤፍኤስ» የሚባለው ክሮን ነው የሚያጸዳው፣ እሱም ሲመጣ ጠፍቶ ነው።