ባትሪ ሳያስቀይር መኪናዬን ላዳነልኝ የሳቢያኑ መካኒክ

ምስጋናው ይቅደም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ መኪናዬን አድኖልኛል። ከማያስፈልግ ከባድ ወጪም አትርፎኛል። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ስለ ሥራው ግን እንድናገር ፈቅዷል። ድሬም፣ ሐረርም፣ ሐረማያም ሆናችሁ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና) የምትነዱ ሰዎች ታግሳችሁ አንብቡት።

መኪናዬ ሦስተኛው ትውልድ የቶዮታ ፕሪየስ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2009 እስከ 2015 የተመረተው፣ 1.8 ሊትር ሞተር ያለው ማለቴ ነው።

ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛው ጠዋት ጠዋት ይመጣል። መኪናው ቆሞ አድሮ ሞተሩ ሲነሳ፣ ከሥር በመዶሻ የሚደበድቡት ይመስል ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምንም የለበትም። ሁለተኛውን ያየሁት ደጋ ስንወጣ ነው። ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል እናቴን ይዤ ቁልቢ ስሄድ፣ ደንገጎን አልፈን ብርዱ ሲጠና ሂተር ከፈትኩ። የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው። ትንሽ ይሞቅና መልሶ ይቀዘቅዛል። እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ ነው የደረሰችው። የታኅሣሥን የቁልቢ ሌሊት የሄደበት ያውቀዋል፤ ለድሬ ሰው ደግሞ ይብሳል።

ሁለቱን ችግር አንድ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም። ሂተሩን ስነግራቸው "ድሬ ላይ ሂተር ምን ያደርግልሻል?" ይሉኛል። መንቀጥቀጡን ስነግራቸው መልሱ አንድ ነው፦ "ሃይብሪድ አይደል? ባትሪው ነው።" አንድ ጋራዥ እንዲያውም ትልቁ ባትሪ በሙሉ ይቀየር ብሎ ቀብድ ጠየቀኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኩላንት፣ ማለትም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማጠራቀሚያውን። "ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ሰላም ነው" አለኝ።

የሳቢያኑን መካኒክ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መካኒኩ ዱባይ ታክሲ በሚጠገንበት ጋራዥ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ስደርስ መኪናውን አልነካም። መጀመሪያ ጠየቀኝ። "የሚንቀጠቀጠው ካደረ በኋላ ብቻ ነው ወይስ ምሳ ሰዓትም?" "ኩላንት ጨምረሽ ታውቂያለሽ?" "ሂተር ስትከፍቺ ከዳሽቦርዱ ኋላ ውሃ ሲንቆረቆር ትሰሚያለሽ?" ይህን የመጨረሻውን ሲጠይቀኝ ደነገጥኩ። የቁልቢ መንገድ ላይ እናቴ "ምንድን ነው የሚንቆረቆረው?" ብላኝ ነበር።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "አቦ እህቴ፣ ሞቆ መጥቶ ምንም አላይበትም። ዛሬ ማታ አምጪውና እዚህ ይደር።" ዋጋም ግምትም አልተናገረም። እኔ እሱን ያመንኩት እዚህ ጋ ነው። ችግሩ የሚታየው ጠዋት ከሆነ ጠዋት ማየት አለበት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከእሱ በፊት ግን ማንም "ይደር" አላለኝም።

ያን ማታ በእጅ የሚነፋ የግፊት መለኪያ ራዲያተሩ ላይ ገጠመ። ግፊት ሞልቶ ተወው። ጠዋት ስመጣ ቀስቱ ወርዷል። መሬቱ ላይ ግን ጠብታ የለም። "ውጭ ካልፈሰሰ የት ገባ?" አለኝና ካንዴላዎቹን ፈታ። ሦስቱ ደረቅ ናቸው። አንዱ እርጥብ ነው። በዚያ ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ በስልኩ አሳየኝ። የሌሎቹ ፒስተኖች አናት ጠቁሯል፤ ያ አንዱ ግን ታጥቦ ነጥቷል። ኩላንት እየገባበት፣ እንፋሎቱ ጥላሸቱን ሲያጥበው ከርሟል። የቴስታታው ጋስኬት፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በታችኛው አካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ አልቋል ማለት ነው።

አሠራሩን ተቀምጦ ነው ያስረዳኝ። ሞተሩ ሲጠፋ የኩላንቱ መስመር ግፊቱን ይዞ ይቆያል። ሌሊቱን በተበላችው ጋስኬት በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ሲሊንደር ይገባል። ጠዋት ያ ሲሊንደር ውሃ ስላለበት አይቀጣጠልም። መንቀጥቀጡ ያ ነው። ውሃው በእንፋሎት ሲወጣ መኪናው "ይድናል"። ኩላንቱ ግን በየጊዜው ይጎድላል። ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚራበው ሂተሩ ነው። ሂተር የሚሞቀው በሞተሩ ኩላንት ስለሆነ፣ መስመሩ ውስጥ አየር ሲገባ ሙቀቱ ይቋረጣል። የሚንቆረቆረውም ያ አየር ነው።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሂተር የሚከፍት ሰው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት እዚህ ተደብቆ ይኖራል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ቁልቢ ከዚያም በላይ ነው። ደጋ የሚመላለስ ሰው ቀድሞ ያውቀዋል። ይህ መኪና ደግሞ የሞተር ሙቀት የሚያሳይ ቀስት የለውም። ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ ነው። መብራቱ ሲበራ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ስለ ማጠራቀሚያውም ልንገራችሁ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ኮፈኑ ሥር ያሉት የኩላንት ማጠራቀሚያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የሞተሩ ነው። ሌላው የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረው የኢንቨርተሩ ነው። ያኛው ጋራዥ "ሙሉ ነው" ያለኝ የኢንቨርተሩን አይቶ ነው። የሞተሩ ከዝቅተኛው መስመር በታች ወርዶ ነበር። እናንተም ዛሬውኑ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱንም እዩ። ሞተሩ እንደሞቀ ግን ክዳን እንዳትከፍቱ፤ ያቃጥላል።

ባትሪውንም ዝም ብሎ አላለፈውም። ኮምፒውተር ሰክቶ ባትሪው የተከፋፈለባቸውን የ14ቱን ብሎኮች ቮልቴጅ አሳየኝ። አብሮኝ እየነዳ ዳገት ላይ ደግሞ አየው። ተቀራራቢ ናቸው። "ባትሪሽ ይሠራል፣ ገንዘብሽን ያዢ" አለኝ። አንድ ነገር ግን አገኘ። ከኋላ ወንበር ጎን ያለው የባትሪው አየር ማስገቢያ በድሬ አቧራ ተደፍኗል። ማራገቢያውን አውጥቶ አጸዳው። ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብርድ የሃይብሪድን ባትሪ ለጊዜው ያደክመዋል እንጂ ዕድሜውን የሚበላው ሙቀት ነው።

ጋስኬቱ ለምን ተበላ? እዚህም ላይ አላቆመም። በዚህ ሞዴል ላይ ኢጂአር የሚባል መስመር አለ። ከጭስ ማውጫው ትንሽ ጭስ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ጭሱ መንገድ ላይ በማቀዝቀዣ ያልፋል። ማቀዝቀዣው በዓመታት ውስጥ በጥላሸት ይደፈናል። ሲደፈን ማቃጠያው ውስጥ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጋስኬቱም ይጎዳል። እሱ እንደሚለው፣ ይህን ሳያጸዱ ጋስኬት ብቻ የሚቀይሩ ሰዎች ያው ችግር ተመልሶ ይመጣባቸዋል። የእኔን አውጥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። በአንዱ ጫፍ ሳይ በሌላው ጫፍ ብርሃን የለም።

ሥራውን ስለሠራበት ጥንቃቄ ብዙ መናገር እችላለሁ። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ከማየቱ በፊት የባትሪውን ማቋረጫ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። የጎማ ጓንት አድርጎ፣ የተረፈው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ጠበቀ። ረዳቱ ልጅ ሲቸኩል ተቆጣው። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ልኮ ፊቱ ያልተጣመመ መሆኑን አስለካ። የቴስታታውን ብሎኖች አዲስ አደረገ። የኢጂአር ማቀዝቀዣውን፣ ቫልቩንና አየር ማስገቢያው ላይ ያሉትን ቀጫጭን ቀዳዳዎች አጸዳ። ጋስኬቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ረከስ ያለ እዚሁ ተገኝቶ ነበር፤ በእጁ አገላብጦ አየውና "ይህንን አልገጥምልሽም" አለኝ።

ኩላንቱ ላይ ደግሞ ጥብቅ ነው። የቧንቧ ውሃ አያስገባም። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። ያው ቅርፊት ራዲያተርና ሂተር ውስጥም ይጋገራል። "እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ይሠራል?" የሚሉ ሰዎች አሉ። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፤ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል። የደንገጎን ዳገት በቀትር ለሚወጣ መኪና ይህ ያስፈልጋል። ሲጨርስም አየሩን ከመስመሩ በትዕግሥት አወጣ። ሂተሩን ከፍቶ፣ በድሬ ሙቀት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ላቡ እየወረደ የሚነፍሰውን አየር በእጁ ይለካ ነበር። ያረጁትን ዕቃዎች በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። የከፈልኩት በሙሉ ለባትሪው ከተጠየቅኩት ከግማሽ በታች ነው።

አሁን ደግሞ ከራሴ መኪና ይልቅ ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ ካልጋሪ፣ ካናዳ ይኖራል። እሱም ያንኑ ሞዴል ይነዳል። እዚያ ክረምት ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ጋራዡ ውስጥ ሆኜ ስልክ ሲደውል፣ ሂተሩ አልሞቅ ብሎ ሕፃን ልጁን ይዞ መውጣት እንደፈራ ነገረኝ። መካኒኩ ሰማ። "ስጪኝ" ብሎ ስልኩን ተቀበለኝ። ሥራውን አቁሞ፣ በማያውቀው አገር ስላለ መኪና፣ ለማያውቀው ሰው ረጅም ሰዓት አስረዳው። ሳንቲም አልተቀበለም።

መጀመሪያ ብልሽት ያልሆነውን ለየለት። በዚያ ብርድ ሂተር ሲከፈት ሞተሩ መብራት ላይ ቆሞም ሳይጠፋ ይሠራል፤ ኩላንቱን ለማሞቅ ነው። ነዳጅ የሚበላውም ለዚህ ነው። ጤነኛ ነው። ጠዋት ትልቁ ባትሪ ደከም ማለቱም ጤነኛ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ብርድ ላይ በድንገት የሚሞተው ትንሹ፣ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ነው። በሃይብሪድ ላይ ይህ ባትሪ ሞተር አያስነሳም፤ ኮምፒውተሮቹን ነው የሚያነቃው። ደክሞ ከሆነ ግን መኪናው ጨርሶ አይነሳም። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ አስለካው አለው። ኩላንቱም ውሃ የበዛበት እንዳይሆን አስጠነቀቀው። እኩል በእኩል የተቀላቀለው እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ አይረጋም፤ ውሃ ሲበዛበት ግን በረዶ ሆኖ ሞተር ይሰነጥቃል።

ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው፦ "ከዳሽቦርዱ ኋላ ይንቆረቆራል?" ይንቆረቆራል። "በቅርብ ኩላንት የሚነካ ሥራ ተሠርቶበታል?" አዎ፣ በመኸሩ የውሃ ፓምፑ ተቀይሯል። "በል፣ አየሩ አልወጣም። አየሩን አስወጣ፤ ኩላንቱ መልሶ ከጎደለ ግን ቴስታታውን አሳይ።" ወንድሜ እዚያው ሰፈሩ ጋራዥ ወስዶ አየሩን አስወጣ። ሂተሩ ሞቀ። ኩላንቱም እስካሁን አልጎደለም። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሲደውል ከእናቴ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ስለ መካኒኩ ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ይህን እወቁ። ጋራዡ ጠባብ ነው፤ ትልልቅ ሥራ የሚይዘው አንድ በአንድ ነው። ወረፋ አለ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ዘግቶ ይሄዳል፤ ስልክም አያነሳም። የቦዲ ሥራና ቀለም አይሠራም። ለቸኮለ ሰው አይሆንም። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ያስረዳችኋል፤ ከጅግጅጋ መኪናውን አምጥቶ ያገኘሁት ሰውም ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን በደንብ መያዝ የግድ ሆኗል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከተማችን ውስጥ መኖሩ እኔን በእውነት ያስደስተኛል።

መኪናችሁ ጠዋት እንደኔው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደጋግማችሁ አታስነሱት። ሲሊንደር ውስጥ ብዙ ውሃ ከተጠራቀመ ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም፤ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢያላው፣ ይጎብጣል። ያኔ ጋስኬት መቀየር አይበቃም፣ ሞተሩ ራሱ ይሄዳል።

ወንድሜ መካኒኩ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እናቴ ለሐምሌው ገብርኤል ስትወጣ ስምህን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ንገሪልኝ ብላለች። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሱን ጠይቄ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ማታ 12 ሰዓት ገደማ መኪናውን አድርሱለትና እዚያው ይደር። ኩላንት ጨምራችሁ፣ ጠዋት አሙቃችሁ አትውሰዱት፤ መልሶ ይልካችኋል።