ፒችትሪ ወይስ ኦዱ? ለመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚያዋጣው

ፒችትሪ የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው፤ ኦዱ ደግሞ ሂሳቡንም ሽያጩንም መጋዘኑንም አንድ ላይ ይይዛል። «ፒችትሪ ልግዛ ወይስ ኦዱ ላስገባ?» የሚል ባለ ሱቅ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይመልስ። ደንበኛ ጎረቤቱን ትቶ ወደ እሱ የሚመጣው ለምንድን ነው? ስለሚረክስ ነው? ዕቃው ስለማይጠፋ ነው? ኦርጅናሉን ከኮፒው ለይቶ ስለሚናገር ነው? መልሱ «ስለሚረክስ» ከሆነና የሚሸጠው ሃያ ዓይነት ዕቃ ከሆነ፣ አንድ የኤክሴል ፋይልና ጥሩ ደብተር ይበቁታል፤ ገንዘቡን ለዕቃ ያውለው። መለዋወጫ ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ላይ አንዱ የጠራውን ዋጋ ሌላው ወዲያው ይሰማዋል። የሚያሸንፈው «አለ» ብሎ ቶሎና በትክክል የመለሰ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሱቅ ምርጫዬ ኦዱ ነው፤ ነጻው፣ ኮሚዩኒቲ የሚባለው፣ ከፊቱ የቴሌግራም ቻናል ቆሞለት።

በዋጋ እንጀምር። ፒችትሪ አገራችን ውስጥ ርካሽ የተባለው በፍላሽ እየተገለበጠ ስለሚጫን ነው። ፕሮግራሙ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሴጅ 50 ተብሏል፤ ሕጋዊው ቅጂ በዓመት ክፍያ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። የሚከፈልበት ኦዱ ኢንተርፕራይዝም በየተጠቃሚው ይቆጥራል። በዶላር የሚከፈል ነገር ከመፈረም በፊት ስሌቱን በብር ይሥሩት። አንድ ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር ቢያስከፍል፣ አምስት ሰው በዓመት 600 ዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ 34,200 ብር ነበር። በ120 ብር ሲመቱት 72,000 ይሆናል። ሶፍትዌሩ አልተሻሻለም፤ ሱቁም የጨመረው ሽያጭ የለም። ኮሚዩኒቲ የፈቃድ ክፍያ ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ያድናል። ወጪው ለጫኚው፣ ለሥልጠናና ኦዱ ለሚቀመጥበት ሰርቨር ነው። ለአምስት ሰው 4 ጊጋ ራም ያለው ሰርቨር በቂ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ያለ ደህና ኮምፒውተርም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ካለው ይሠራል።

የተገለበጠው ፒችትሪ ግን የት ላይ ነው የሚያስከፍለው? አንደኛ፣ ፋይሉ ወደ ኋላ አይመለስም። አዲሱ የሂሳብ ሠራተኛ በላፕቶፑ ላይ ባለው አዲስ ስሪት የድርጅቱን ፋይል አንዴ ከከፈተው ፋይሉ ይቀየራል፤ የሱቁ አሮጌ ስሪት ከዚያ በኋላ አይከፍተውም። ሁለተኛ፣ መረጃው የሚቀመጠው ፐርቫሲቭ በሚባል የዳታቤዝ ሞተር ሥር፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ባለ ፎልደር ውስጥ ነው። ሌሎቹ በኔትወርክ ይከፍቱታል። አንዱ ሽያጭ እየመዘገበ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ ያለው መፍትሔ የትናንቱን ባክአፕ መመለስ ነው። ባክአፕ ከሌለ ደግሞ ከደረሰኝ ላይ እንደገና መጻፍ። ሦስተኛ፣ ክራኩን፣ ማለትም ፈቃዱን የሚሰብረውን ፕሮግራም፣ የሠራው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ፍላሹ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ የሱቁን መዝገብ ሁሉ ያያል። ሲበላሽ የሚጠየቅ አካል የለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፒችትሪን የሚያውቅ ሂሳብ ሠራተኛ በየሰፈሩ ይገኛል። የሂሳብ ዘመኑን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ በፈረንጅ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7፣ ወር በወር በእጅ ከፍሎ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ኦዱ ወሩን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ የወር ሪፖርት ሲፈልጉ «ከ» እና «እስከ» የሚለውን ቀን ራስዎ ያስገባሉ። ኮሚዩኒቲው የተሟላ የሂሳብ ሪፖርትም አይዝም፤ ትሪያል ባላንስና ጄኔራል ሌጀር የተባሉትን ዋና ሪፖርቶች ለማውጣት ኦሲኤ የተባለው የኦዱ ማኅበር ያዘጋጀውን ነጻ የሪፖርት ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) መጨመር አለበት። ለኢትዮጵያ የተዘጋጀው የሂሳብ መደብ (የሂሳብ አርዕስት ዝርዝር) ግን አለ፤ 15 በመቶ ቫቱ ገብቶበታል። ከሁለቱ የትኛውም ካሽ ሬጅስተሩን አይተካም።

ትልቁ ልዩነት መጋዘኑ ላይ ነው። ፒችትሪ ያለፈውን ለሂሳብ ሠራተኛው ይነግራል። ሻጩ ግን የሚፈልገው አሁን መደርደሪያ ላይ ያለውን ነው፤ ደንበኛ ስልክ ላይ እየጠበቀው። ኦዱ በስልክ ብሮውዘር ይከፈታል። እያንዳንዱን ዕቃ በፓርት ቁጥሩ ይመዝግቡ፤ «የቪትዝ የዘይት ፊልትሮ» ብቻ ብለው ከጻፉ ኦርጅናሉና ኮፒው ይቀላቀላሉ። ሁለቱን በተለያየ ኮድ ይክፈቱ። ከዚያ ዝቅተኛውን መጠን ይወስኑ። በሳምንት 8 ፊልትሮ የሚሸጥ ከሆነና ከዱባይ ለመድረስ 6 ሳምንት ከፈጀ፣ 8 በ6 48 ነው፤ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ 16 ሲጨመር 64። ክምችቱ ከ64 ሲወርድ ኦዱ «እዘዝ» ይላል።

ቴሌግራሙ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሱቅ ፎቶ ለጥፎ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል፤ ኢንቦክሱ ሲከፈት ዕቃው ከሦስት ቀን በፊት ተሸጧል። ደንበኛው ሁለተኛ አይጠይቅም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከኦዱ በእጅ ያለውን ብቻ አጣርቶ ከነዋጋው መለጠፍ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሌለው ዕቃ ነው። «የለም» ተብሎ የተመለሰውን ጥያቄ ሁሉ ከነፓርት ቁጥሩና ቀኑ ይያዙት። በወሩ መጨረሻ ብዙ ጊዜ የተጠየቀው የሚቀጥለው ትዕዛዝ መጀመሪያ ነው። ጎረቤቱ ይህን ዝርዝር በገንዘብም አያገኘውም።

ቻናሉ በማን ስልክ እንደተከፈተ ዛሬውኑ ይመልከቱ። በሠራተኛ ቁጥር ከተከፈተ ሠራተኛው ሲለቅ ተከታዩም አብሮ ይሄዳል። ሱቁ ስም ላይ ባለ ሲም አካውንት ይክፈቱና ባለቤትነቱን ያዛውሩ። ለዚህ የአሁኑ ባለቤት ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉን ካበራ 7 ቀን ሊሞላው ይገባል፤ ስለዚህ ሠራተኛው በሰላም ሳለ ይጀመር።

ኦዱ የሚጭነውን ሰው ሲመርጡ ዋጋ ብቻ አይጠይቁ። የሰርቨሩ የይለፍ ቃል፣ ዳታቤዙን ለመገልበጥና ለመመለስ የሚጠየቀው የማስተር ይለፍ ቃልና ለሱቁ የተጻፈው ሞጁል ኮድ በእጅዎ እንደሚሰጥ በውሉ ላይ ይጻፍ። አለበለዚያ በየዓመቱ የፈለገውን ይጠራል። ባክአፑ ዳታቤዙን ብቻ ሳይሆን ፋይልስቶሩንም፣ ማለትም ፎቶና ሰነድ የሚቀመጥበትን ፎልደር፣ መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ሲመለስ ፎቶውና የተያያዘው ሰነድ ይጠፋል። ደረሰኙ ላይ አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ይጫን። ራስጌና ግርጌው ካልወጣ ደግሞ ፒዲኤፍ የሚሠራው wkhtmltopdf የተባለው መሣሪያ የተሳሳተው ስሪት ነው።

ለመቀየር የሚመቸው ቀን ሐምሌ 1 ነው። ሰኔ 30 ማታ ዕቃውን ያስቆጥሩ፣ ቁጥሩን እንደ መክፈቻ ያስገቡ፣ ሐምሌን ሙሉ አሮጌውንም አዲሱንም ጎን ለጎን ያስኬዱ። በወሩ መጨረሻ ልዩነት ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው መለኪያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላው በአንዱ በፓኬት፣ በሌላው በፍሬ ተመዝግቦ ይገኛል።