ከኖርዝስታር ባቡር ወደ አውቶቡስ፦ ለሺፍት ሠራተኛ የቱ ይሻላል?

ሚኒሶታ ያላችሁ፣ በተለይ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብላችሁ ኤልክ ሪቨር፣ ራምዚ ወይም አኖካ አካባቢ የምትኖሩ ወይም ቤት ለመግዛት የምታስቡ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ከቢግ ሌክ ዳውንታውን ሚኒያፖሊስ ይመላለስ የነበረው ኖርዝስታር ባቡር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2026 የቫይኪንግስ (የሚኒሶታ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን) ጨዋታ ተመልካቾችን አመላልሶ ሥራ አቆመ። በማግስቱ አውቶቡስ ተተካ። "በቃ፣ ከዚህ በኋላ እዚያ ሰፈር ያለ መኪና መኖር አይቻልም" የሚሉ ብዙ ሰዎች ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም።

መጀመሪያ ግን ለባቡሩ የሚገባውን ልስጠው። በ2009 ኖቬምበር ላይ ሲጀምር ወደ 317 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ከቢግ ሌክ ተነስቶ እስከ ታርጌት ፊልድ፣ ዳውንታውን ሚኒያፖሊስ ያለው የቤዝቦል ስታዲየም ጋ፣ 40 ማይል ገደማ ነው፤ ይህንን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። ጠዋት የባቡሩ ፎቅ ላይ ወጥታችሁ በስተቀኝ በኩል ከተቀመጣችሁ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ በዛፎቹ መሃል አንዴ ብቅ አንዴ ጥፍት እያለ አብሯችሁ ይወርድ ነበር። ጠረጴዛ ነበረው፣ መጸዳጃ ቤት ነበረው። ታርጌት ፊልድ ደርሳችሁ ደረጃውን ወጣ ስትሉ ላይት ሬሉን፣ የከተማውን ቀላል ባቡር፣ እዚያው ታገኙት ነበር፤ በብሉ ላይን ሴዳር ሪቨርሳይድ ወይም ኤርፖርት፣ በግሪን ላይን ሴንት ፖል። እንዲህ ያለ ምቾት አውቶቡስ ላይ አይገኝም፣ ማንም አለ ብሎ እንዳያታልላችሁ።

ግን ባቡሩ የተሠራው ለማን ነበር? ጠዋት ቢሮ ገብቶ ማታ ለሚመለስ ሰው ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ መጥቶ ያ ሰው ከቤቱ መሥራት ሲጀምር ጉዞው ተቀነሰ፣ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ብቻ ቀረ፣ ቅዳሜና እሁድም ተሰረዘ። በኋላ በየአቅጣጫው ወደ አራት ከፍ ቢልም የሄደው ተሳፋሪ አልተመለሰም። በ2019 ከ760 ሺህ በላይ የነበረው የዓመቱ ጉዞ በ2024 ወደ 127 ሺህ ወርዷል። "ሰው ስላልፈለገው ነው" የሚለውን ወሬ ግን እኔ አልቀበልም። በቀን በየአቅጣጫው አራቴ ብቻ የሚመጣ ነገር ላይ ማን ሕይወቱን ይመሠርታል? ደግሞም ሀዲዱ የጭነት ባቡር ድርጅቱ የቢኤንኤስኤፍ ነው፣ የራሱ ባቡሮች የሚመላለሱበት፤ ስለዚህ እንደልብ ጉዞ መጨመር አይቻልም ነበር። ሴንት ክላውድ ድረስ ይደርሳል ተብሎ የታሰበውም ቢግ ሌክ ላይ ቆሞ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ትልቅ ከተማ ሳይደርሱ መቆም በእኔ እምነት መስመሩን ከመጀመሪያው ጎድቶታል።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። እዚህ አገር ስንቶቻችን ነን ጠዋት ገብተን ማታ የምንወጣው? ነርሲንግ ሆም፣ ሆስፒታል፣ ኤርፖርት፣ ፓርኪንግ፣ ሁሉም ሺፍት ነው። አንዲት የማውቃት እህት ከሰዓት በኋላ ነው የምትገባው። ባቡሩ ደጇ አጠገብ ሆኖ አንድም ቀን ለሥራ አልጠቀማትም፣ ምክንያቱም እሷ በምትፈልገው ሰዓት ባቡር አልነበረም። ዳውንታውን ለፓርኪንግ የምትከፍለው ገንዘብ ያንገበግባታል። ባቡሩን የተካው አውቶቡስ፣ 888 የሚባለው፣ ባቡሩ ከነበረው የበለጠ ጉዞ አለው፤ በቀኑ መሃልም ይሠራል። ለእሷ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ወንዝ ባታይም ሥራ ትደርሳለች!

ዋጋውም ደህና ነው። የአካባቢው የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት ሜትሮ ትራንዚት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የአዋቂ መደበኛ ዋጋ 2 ዶላር አድርጎታል፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚሠራ ወደ ላይት ሬል ወይም ወደ ሌላ አውቶቡስ ስትቀይሩ ድጋሚ አትከፍሉም።

ድክመቱ የት ነው? መንገዱ ላይ። ባቡሩ ትራፊክ አያውቅም ነበር፣ አውቶቡሱ ግን እንደ ማንኛውም መኪና ትራፊክ መሃል ይገባል፣ በረዶ የጣለ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። እዚህ አካባቢ አንድ ጥሩ ሕግ አለ፦ ትራፊኩ በሰዓት ከ35 ማይል በታች ሲወርድ፣ በተፈቀደባቸው መንገዶች ላይ አውቶቡስ በመንገዱ ዳር ባለው ትከሻ ማለፍ ይችላል። እሱም ቢሆን ከ35 ማይል መብለጥ የለበትም፣ አጠገቡ ካሉት መኪኖች ደግሞ ከ15 ማይል በላይ መፍጠን አይችልም። ቀይ መብራት አብርተው የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ እያለፈ ሲሄድ ደስ ይላል። ግን ሁሉም ቦታ አይደለም፣ በረዶ የተቆለለበት ትከሻም አይነዳም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው መጸዳጃ አለመኖሩም ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሀዲድን ለማቆም ዓመታት የፈጀ ክርክር አስፈልጓል፣ ስብሰባ ተጠርቷል፣ ጋዜጣ ጽፏል። የአውቶቡስ ጉዞ ግን በአንድ የሰዓት ሰሌዳ ለውጥ ብቻ ይቀነሳል፣ ማንም ሳይሰማ። ስለዚህ የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ሜትሮፖሊታን ካውንስል (ሜትሮ ትራንዚትን የሚያስተዳድረው አካል) አስተያየት ሲጠይቅ ዝም አትበሉ። ቢሮ የሚገቡት ሰዎች ድምፃቸውን ያሰማሉ፣ የሺፍት ሠራተኛም ማሰማት አለበት።

አውቶቡሱ ከአምስት ስንት? ለቢሮ ሠራተኛ ሦስት እሰጠዋለሁ፣ በሺፍት ለሚሠራ አራት። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የመመለሻውን የመጨረሻ ሰዓት ከሺፍታችሁ ጋር አስተያዩ፤ መሄጃ አገኘሁ ብሎ ፈርሞ ማታ መመለሻ ማጣት አለ። ክረምት ላይ ደግሞ ከሚበቃችሁ አንድ አውቶቡስ ቀደም በሉ።