ከቀለሙ ስር ያለውን ላሜራ ሳታዩ አትክፈሉ

መኪናችሁ ተጋጭቶ ወይም ነገር ወድቆበት ባትላሜራ (የመኪና አካል ጥገና) ልታስገቡ ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ ለአንድ ኮፋኖ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትከፍሉ ነው የምጽፈው።

የሆነው እንዲህ ነው። መኪናዬ በቆመበት ኮፋኖው ላይ ወፍራም የዛፍ ቅርንጫፍ ወደቀበት። መሃሉ ላይ የሳህን ያህል ሰፊ ጉድጓድ ሠራ። ከጉድጓዱ ጎን ደግሞ ላሜራው ወደ ላይ አበጥ ብሎ ነበር። ጋራዥ ወሰድኩት። ያየው ሰው በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገና "ወንድሜ፣ አታስብ፣ ይሄ ቀላል ነው" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ተረከብኩ። ኮፋኖው መስታወት መስሏል። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፀሐይ ላይ አቁሜው ተመለስኩ። ኮፋኖውን ከፍቼ ዘይት አየሁና ልዘጋው በመዳፌ ስጫነው "ጧ!" አለ። እጄን ሳነሳ መልሶ "ጧ!"። ልክ ባዶ ቆርቆሮ ክዳን ሲጫኑት እንደሚጮኸው። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቦታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየኝ። ከዚያ እንደ ሸረሪት ድር ሰፋ። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ከስንጥቁ ስር ቀለሙ ፊኛ ፊኛ እያለ ያብጥ ጀመር።

ወደ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት በዕድሜ የገፉ የባትላሜራ ባለሙያ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ቀለሙን መፋቅ ጀመሩ። ከቀለሙ ስር የወጣው ስቱኮ ነው፣ ጉድጓድ ለመሙላት የሚቀባው ሲደርቅ የሚጠነክር ሊጥ። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ የትንሽ ጣቴን ጥፍር ወርድ ያክላል። ስቱኮው ሲነሳ ጉድጓዱ አሁንም አለ። ላሜራው ላይ ደግሞ ጉድጓዱን ወደ ላይ ለመጎተት ተብለው የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ማንም አልደፈናቸውም። ዝገቱ የገባው በእነሱ በኩል ነው።

እኔ የተናደድኩት በስቱኮው ነበር። እሳቸውን ያበሳጫቸው ግን ሌላ ነገር ነው። "ልጄ፣ ስቱኮ እኮ ይነሳል" አሉኝ። "እዚህ ጋ ግን ላሜራውን ግራይንደር በልቶታል።" ያ ከጉድጓዱ ጎን አብጦ የነበረው ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሰው እብጠቱን ወደ ቦታው ከመመለስ ይልቅ እስኪስተካከል ፈጭቶታል። ጣቴን አስነኩኝ። ስጫነው እንደ ወረቀት ይል ነበር።

ይህ ለምን ከባድ ጥፋት እንደሆነ ላስረዳችሁ። የአብዛኛው መኪና ውጫዊ ላሜራ ውፍረቱ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ነገር ሲወድቅበት ብረቱ ይታጠፋል ብቻ ሳይሆን ይለጠጣል። ይሳሳና ይሰፋል። የሰፋው ብረት የሚቀመጥበት ቦታ ግን እንደ በፊቱ ነው፣ ዙሪያውን ያለው ላሜራ አልተንቀሳቀሰም። በትንሽ ፍሬም ላይ ሰፋ ያለ ጨርቅ ለመወጠር ሞክሩ። ትርፉ ጨርቅ ወይ ወደ ላይ ይነፋል ወይ ወደ ታች ይረግባል። የኔ ኮፋኖ ጧ የሚለው ለዚህ ነው። ትርፉ ብረት መቀመጫ አጥቶ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ፀሐይ ሲመታው ብረቱ ስለሚሰፋ ይብሳል።

ይህን በመዶሻ ብቻ ማስተካከል አይቻልም። ከጀርባ ብረት ደግፎ ከላይ በመዶሻ መቀጥቀጥ ቅርጹን ይመልሳል፣ ነገር ግን በሁለቱ ብረቶች መሃል የተያዘው ላሜራ በየምቱ ይበልጥ እየሳሳ ይሰፋል። ማለትም የተለጠጠውን ላሜራ ብዙ በቀጠቀጡት ቁጥር ልጥጡ ይጨምራል። ስለዚህ ትርፉን ብረት መሰብሰብ፣ ማለትም አኮማትሮ ወደ ልኩ መመለስ፣ የግድ ነው። መሰብሰብ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ደንበኛው የማያየውም ይሄንኑ ሥራ ነው። ለዚህ ነው የሚዘለለው።

አዛውንቱ ኮፋኖው እንደማይድን ከነገሩኝ በኋላ ከመጣሉ በፊት አንድ ነገር አሳዩኝ። ግራይንደር ያልነካውን የተለጠጠ ቦታ መረጡ። በጋዝ ብየዳ እሳት የሳንቲም ያህል ጠባብ ነጥብ ላይ ብቻ አተኮሩ። ነጥቡ በሰከንዶች ውስጥ ቀላ፣ ትንሽም ወደ ላይ ተነሳ። እሳቱን አነሱ። በቀስታ በመዶሻ ዙሪያውንና ላዩን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። ጭሱ ሲጠፋ ላሜራው ተስቦ ዝቅ ብሏል። ሌላ ነጥብ፣ እንደገና ጨርቅ። አራት ወይ አምስት ነጥብ ሲሆን ያ ጧ የሚል ቦታ ዝም አለ። በመዳፌ ተጫንኩት፣ ጸና።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። የጋለው ነጥብ መስፋት ይፈልጋል። ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ላሜራ ግን አያስፋፋውም። የለሰለሰው ብረት ወደ ጎን መሄድ ሲያቅተው እዚያው ላይ ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል፣ ዙሪያውንም ወደ ራሱ ይስባል። በመለጠጥ የሳሳው ብረት መልሶ ይወፍራል ማለት ነው። ይህን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። የኔ ኮፋኖ ቅርንጫፉ በወደቀበት ቀን ይድን ነበር። የገደለው የመጀመሪያው ጥገና ነው።

ሌላም ያስተማሩኝ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚታለልበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። አብጦ የሚታይ ላሜራ ሁሉ የተለጠጠ አይደለም። ከጎኑ ያለ እጥፋት ይዞት፣ ገፍቶት የተነሳ ሊሆን ይችላል። እጥፋቱ በአግባቡ ሲፈታ እብጠቱ በራሱ ይወርዳል። የኔ እብጠት እንደዚያ ነበር፣ ግራይንደርም እሳትም የሚያስፈልገው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ መኪናችሁን ባየ በመጀመሪያው ደቂቃ ግራይንደር ካነሳ ወይም እሳት ከለኮሰ አስቁሙት። መጀመሪያ ቅርጹን ይመልስ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ነው የሚሰበስበው።

እሳትም በራሱ ዋስትና አይደለም። ነጥብ ነጥብ ማጋል አንድ ነገር ነው፣ ሰፊ ቦታ ማቃጠል ሌላ። ሰፊ ቦታ ከጋለ ላሜራው እንደ ማዕበል ይጣመማል፣ እሱን ማስተካከል ከመጀመሪያው ጉድጓድ ይከብዳል። እንደ ኮፋኖና ጣሪያ ያሉ ሰፋፊና ጠፍጣፋ ክፍሎች ደግሞ ለዚህ በጣም የተጋለጡ ናቸው። ጎበጥ ያለ ቅርጽ ያለው ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጎን ላሜራ) ራሱን ይሸከማል። ጠፍጣፋው ላይ ግን ትንሽ ስሕተት እንኳ ይታያል።

መኪናችሁ ከምን እንደተሠራም ሳይጠይቅ እሳት የሚያነሳ ሰው አደገኛ ነው። ዛሬ ብዙ መኪኖች የአሉሚኒየም ኮፋኖ አላቸው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ በፊት ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። "እስኪቀላ ላግለው" ያለ ሰው ቀዳዳ ይሠራበታል። ለማወቅ ማግኔት አስጠጉ፣ አሉሚኒየምን አይዘውም። እንደ በር ምሰሶና ደፍ ያሉት የመኪናው አጥንቶች ደግሞ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ከጠንካራ ብረት የተሠሩ ናቸው። ሲግሉ ጥንካሬያቸውን ያጣሉ። እነዚያ በግጭት ጊዜ ሰው የሚያድኑ ክፍሎች ናቸው። እዚያ ላይ ማንም እንደዚህ እሳት እንዲያነሳ አትፍቀዱ።

እሳት የማይወዱ ባለሙያዎችም አሉ፣ መብታቸው ነው። በግራይንደር ላይ የሚገጠም ልሙጥ የብረት ዲስክ አለ። አይፈጭም፣ በፍትጊያ ብቻ ያግላል። የሚነካው ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ስለሆነ የሚሰበሰበውም እሱው ነው፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ይቀዘቅዛል። ለቀጭን ላሜራ ይሄ መንገድ ረጋ ያለ ነው። በኤሌክትሪክ ነጥብ ነጥብ የሚያግል መሣሪያም አለ። የትኛውንም ይጠቀሙ፣ እናንተ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "የተለጠጠውን በምን ትሰበስበዋለህ?" መልሱ "ስቱኮ ያስተካክለዋል" ከሆነ መኪናችሁን አስነሱና ውጡ።

ስቱኮን ጨርሶ ተቃወሙ አላልኩም። ጥሩ ሥራም ቢሆን በመጨረሻ ስስ የስቱኮ ሽፋን ሊፈልግ ይችላል። እኔ ያነጋገርኳቸው አዛውንት ከሁለትና ከሦስት ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ላሜራው ገና አልተሠራም ይላሉ። ችግሩ ስቱኮ ሲደርቅ ግትር ነው። ስሩ ያለው ላሜራ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ከሆነ አብሮት መታጠፍ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚሠራው፣ ስታዩት ረፍዷል።

አሁን ዋናውን ልበል። ቀለም ከተቀባ በኋላ የምታዩት የቀለም ቀቢውን ችሎታ ነው። የባትላሜራው ሥራ የሚታየው ስቱኮ ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ገና መኪናውን ስታስረክቡ "ላሜራው እንዳለቀ፣ ስቱኮ ሳይነካው ማየት እፈልጋለሁ" በሉ። በወረቀት አስጽፉት። ክፍያውንም ከፋፍላችሁ ስጡ፣ ባዶውን ላሜራ ካያችሁ በኋላ ቀጣዩን። ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ሥራውን የሚያይለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ስትሄዱ በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ሰፊ ላሜራ ትንሽ መታጠፉ ያለ ነው፣ ያልተመታውን ጎን ተጫኑና አወዳድሩ። ቀስ ብሎ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። በድንገት ጧ ብሎ ከገባ፣ ቢመለስም ባይመለስም፣ አልተሰበሰበም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ረጅም ርቀት ዳብሱት። እጅ ዓይን ያላየውን ያገኛል። ከተቻለ በጀርባው በኩል እዩ። የተበሱ ቀዳዳዎች ካሉ በብየዳ መደፈናቸውን ጠይቁ። እሳት ከነካው ደግሞ የጀርባው ቀለም ተቃጥሏል፣ ጸረ ዝገት ቀለም ካልተቀባ ከዚያ በኩል ይዝጋል። ይህን የጀርባ ሥራ ብዙ ጋራዦች ይረሱታል።

ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ መኪና ወይም የምትገዙት ያገለገለ መኪና ከሆነ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉት። ብረት ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይላላል ወይም ይወድቃል። የቀለም ውፍረት መለኪያ የያዘ ሰው ካገኛችሁ ይበልጥ ጥሩ ነው። የፋብሪካ ቀለም ባብዛኛው ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው። 1000 ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ወደዚያ ከተጠጋ ከስር ቀለም ብቻ አይደለም ያለው።

አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ መቀየር ነው። ኮፋኖ፣ በርና የፊት ፓራፋንጎ በብሎን የሚፈቱ ናቸው፣ በጣም ከተለጠጡ መቀየር ይሻላል። የኋላው ጎንና ጣሪያው ግን ከአካሉ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ መቁረጥ ይጠይቃሉ። እነሱን በጥሩ እጅ መሰብሰብ የተሻለ ነው። ይህንንም ገና ከመጀመሩ በፊት ይንገሯችሁ። እኔን ማንም አልነገረኝም፣ ከጥገናው በኋላ ነው ሌላ ኮፋኖ የገዛሁት።

መኪናችሁ ዛሬ ባትላሜራ ቤት ያለ ከሆነ አሁኑኑ ደውሉ። ስቱኮ ገብቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልገባ "እስክመጣ እንዳትነኩት" በሉና ሂዱ።